የመንገድ ዳኛና የኮሮጆ ጠባቂ

በሸዋ ደጋ ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ አደባባይ እስኪደርሱ አይጠብቁም ነበር። አንዱ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሌላውን ያቆማል፤ ነጠላቸው ይቋጠራል፤ ከዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ ይዘው «ዳኘን» ይሉታል። የመንገድ ዳኛ ሹመትም ማኅተምም የለውም፤ አህያውን ወደ ገበያ የሚነዳ ገበሬ ሊሆን ይችላል። ሥልጣኑ ሁለቱም ተሟጋቾች በእሱ መስማማታቸው ነው። ሽምግልናም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል፤ ከሳሽ የራሱን ሽማግሌዎች ይጠራል፣ ተከሳሽም የራሱን። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840) በአንኮበር «ወንበር» የሚባሉ ዳኞች አስቀምጠው ሲያስችሉ እንኳ፣ ብዙ ነገር ቤተ መንግሥት ሳይደርስ በዛፍ ጥላ ሥር ያልቅ ነበር። በአካባቢ ምርጫ ኮሮጆ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው፣ ምርጫ አስፈጻሚም እንበለው የሕዝብ ታዛቢ፣ የዚህ የመንገድ ዳኛ ወራሽ ነው ብዬ አምናለሁ። የምርጫ ታሪካችን ድክመትም ከሥልጠና ማነስ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ ዳኛውን ያስቀመጠው አንዱ ወገን ብቻ ነበር።

ድምፅ በምስጢር መስጠት ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚሉ አሉ። ሳጥኑና ወረቀቱ በእርግጥ ከውጭ ነው። ነገር ግን አውጫጭኝን እናስብ። የሌብነት ወይም የነፍስ ግድያ ፈጻሚው ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ከመካከላቸው ሽማግሌዎች ይመረጡና ይምላሉ። የሚያውቅ ሰው ያየውን በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ እንዲህ ያለው ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል፤ ሽማግሌዎቹም ወፉ ማን እንደሆነ ላያወጡ በመሐላ ታስረዋል። አውጫጭኝ ምርጫ አልነበረም። ሰው ተገዶ የሚውልበት፣ ቂም የሚወጣበት፣ ንጹሕ ሰው ሊጎዳበት የሚችል ሸንጎ ነበር። ቢሆንም በጉባኤ መካከል በምስጢር መናገር፣ ምስጢሩንም የሚጠብቅ ጎረቤት መሰየም ለዚህ አገር ሰው እንግዳ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ዘመናዊው ምርጫ ሲመጣ ግን ይህን ልማድ አልፎት ሄደ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት እንዲመርጡ አደረገ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝብ ቢሰጥም፣ ፓርቲ በሌለበት ለመወዳደር በወረዳው ውስጥ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ይጠየቅ ነበር። አውራጃዎች በተመረጠ ምክር ቤት ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ያሰበው የ1958ቱ ትእዛዝም ፓርላማው ሳይቀበለው ቀረ። እውነተኛው የአካባቢ ምርጫ ለገበሬው የደረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው ማለት ይቻላል። በተጉለትም በመንዝም ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩና የፍርድ ሸንጎው ዳኞች ከአባላቱ መካከል ተመረጡ። ትልቅ ነገር ነበር፤ የትናንት ጭሰኛ ዳኛ ሆነ። ግን ምርጫው እጅ በማውጣት ስለነበር ማን ማንን እንደደገፈ ሁሉም ያያል። ወፉን የሚደብቅ ሽማግሌ በዚያ ስብሰባ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ከ1983 በኋላ የወጡት ሕጎች ወደ ቀደመው ልማድ የቀረቡ ይመስላሉ። በቀድሞው የምርጫ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 532/1999፣ በእያንዳንዱ ምርጫ ጣቢያ ነዋሪው ከመካከሉ 5 የሕዝብ ታዛቢዎች ይመርጥ ነበር። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ የመንገድ ዳኛ አይገኝም ነበር። ችግሩ ስብሰባውን የሚጠራው ማን ነው የሚለው ነበር። ማዳበሪያና ብድር በቀበሌ እጅ ሲያልፉ፣ ቀበሌው ራሱ ተወዳዳሪ ሲሆን፣ ገበሬው ታዛቢ አድርጎ የሚጠቁመው ሰው አስቀድሞ ይታወቃል። በሚያዝያ 2000 የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ እስከ 300 ከፍ ብሎ በአገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ወንበር ለውድድር ቀረበ። ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ሲወጡ ወንበሮቹን ከሞላ ጎደል ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዟቸው። ታዛቢው የተቀመጠበት ሙግት ሁለተኛ ተሟጋች አልነበረውም። ያ ሰው የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን፣ ቆጠራው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ የሚዳኘው ነገር አልተሰጠውም። እነዚያን ታዛቢዎች በጅምላ መውቀስ ትክክል አይመስለኝም።

ልማዱን አታስውበው የሚለኝ ሰው እውነት አለው። ሽማግሌ ሲባል ወንድ ነበር፤ ባለ ርስት ካልሆነም ድምፁ ብዙ አይሰማም። ስለዚህ አውጫጭኝን እንመልስ አልልም። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ጎረቤት ይፈራል፣ ይዛመዳል፣ ይታማል፤ ስለዚህ በማስታወቂያ የተቀጠረ ባለሙያ ይሻላል። አዋጅ ቁጥር 1162/2011ም ምርጫ አስፈጻሚ የፓርቲ አባል እንዳይሆን ይከለክላል፤ ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው። ይሁን እንጂ የፓርቲ አባል አለመሆን ብቻውን አመኔታ አያመጣም፤ መንገደኛውንም ዳኛ ያደረገው አለመዛመዱ ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች መቀበላቸው ነበር። ቀጣሪው የምርጫ ቦርድ ይሁን፤ ነገር ግን ስም ዝርዝሩ አስቀድሞ ተለጥፎ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ሊቃወሙትና ሊያስነሱ የሚችሉበት ቀን ይኑር። ባለጉዳይ ዳኛውን ከጠረጠረ ምክንያቱን ገልጦ እንዲነሣ መጠየቁ ለእኛ የታወቀ ነገር ነው። ይህን ለመሞከር ግን የአካባቢ ምርጫ መካሄድ አለበት፤ በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተላለፈ፤ በ2013 በአማራ ክልል ድምፅ የተሰጠው ለተወካዮችና ለክልል ምክር ቤት ብቻ ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ አንኮበር ለቀበሌና ለወረዳ ምክር ቤት ኮሮጆ የዘጉት ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ 2005 ነበር።