ከፕሌይ ስቶር ውጭ አፕ መጫን፦ ክርክሩና ጥንቃቄው

ከኡም ራኩባ ወጥቶ ገዳሪፍ ገበያ ስልክ ያስጫነ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ልጁ ስልካችሁን ይቀበላል፣ ከራሱ ስልክ በዜንደር አፕ ይልካል፣ "ኸላስ" ብሎ ይመልስላችኋል። ዳታ አልቆረጠባችሁም። እኔም እንደዚያ የተቀየረ የመልዕክት አፕ አስጫንኩ። በሳምንቱ የሞላሁት ካርድ ሳልደውልበት ያልቅ ጀመር። ሌላው እንዳይደርስበት ብዬ ያወቅኩትን እነሆ ጽፌያለሁ።

ኤፒኬ ምንድን ነው?

የአንድሮይድ አፕ የሚታሸግበት ፋይል ነው። ከፕሌይ ስቶር ስታወርዱ ጉግል ፈትሾታል። ከጓደኛ፣ ከቴሌግራም ወይም ከሱቅ ስታገኙት ግን መሃል ላይ ማን እንደነካካው አይታወቅም። ስልኩ "ያልታወቀ ምንጭ" ብሎ ፈቃድ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አይፎን በአብዛኛው ዓለም ከራሱ መደብር ውጭ አያስገባም፤ በአውሮፓ ህብረት ግን ሕግ አስገድዶት ከመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሌሎች መደብሮችን ፈቅዷል።

ሱዳን ውስጥ ለምን ተለመደ?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የጣለችው ማዕቀብ ብዙ የአሜሪካ ሶፍትዌር ሱዳን እንዳይገባ አግዶ ነበር። ለግል መገናኛ የሚሆኑት በየካቲት 2015 ተፈቀዱ፣ የንግድ ማዕቀቡም በጥቅምት 2017 ተነሳ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ ጦርነቱ መጣ፤ በየካቲት 2024 ኔትወርክ በአብዛኛው አገሪቱ ጠፋ። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ አፕ ከእጅ ወደ እጅ ካልሆነ በምን ይገኛል?

ክርክሩ

ጉግል በነሐሴ 2025 አዲስ ደንብ አወጣ። ማንነቱን ያላስመዘገበ ሰው የሠራው አፕ ከመስከረም 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ እንዳይጫን፣ ከ2027 ጀምሮም ወደ ሌላው ዓለም እንዲሰፋ ነው ያቀደው። ምክንያቱ አጭበርባሪዎችን ለመከላከል ነው ይላል። ኤፍ-ድሮይድ የተባለው የነጻ ሶፍትዌር መደብር "ስልኩ የባለቤቱ ነው" በሚል መንፈስ ተቃወመ። ጉግልም በኅዳር 2025 አደጋውን አውቆ ለሚቀበል ሰው መንገድ እንደሚተው ተናገረ።

የጉግል ፍርሃት ባዶ አይደለም። ካስፐርስኪ በ2021 ኤፍኤም ዋትሳፕ በተባለ የተቀየረ ቅጂ ውስጥ ትሪያዳ የሚባል ቫይረስ አግኝቷል፤ ይህ ቫይረስ ባለቤቱ ሳያውቅ ክፍያ ያለው አገልግሎት ማስመዝገብ ይችላል። ግን ሌላም ጎን አለ። ካምፕ ውስጥ ለወገኑ ትንሽ አፕ የሚሠራ ወጣት መታወቂያው መንገድ ላይ ከቀረ ማንነቱን በምን ያስመዘግባል? ለእኔ መፍትሔው በሩን መዝጋት ሳይሆን በሩ ላይ መጠንቀቅ ነው።

ምን እናድርግ?

• የባንክና የመልዕክት አፕ ከዋናው መደብር ብቻ ውሰዱ። ገንዘባችሁና የቤተሰባችሁ ቁጥር እዚያ ነው።
• "መጀመሪያ ዋናውን አጥፋ" ከተባላችሁ ጠርጥሩ። አንድሮይድ ፊርማው የተለየ ፋይል በዋናው ላይ አይደርብም።
• ለመልዕክት አፕ ተጨማሪ ነገር የሚጨምሩ ቅጂዎችን ተዉ። ዋትሳፕ እንዲህ ዓይነት ቅጂ የሚጠቀሙትን ቁጥሮች ያግዳል። ስደት ላይ ቁጥር ማጣት ማለት ዘመድ ማጣት ነው።
• ከጫናችሁ በኋላ "ያልታወቀ ምንጭ" የሚለውን ፈቃድ መልሳችሁ ዝጉ።
• ፕሌይ ፕሮቴክትን አታጥፉ። ልጁ "ላጥፋው" ካለ ስልካችሁን ተቀበሉና ሂዱ።