የደራሲው ዐሥራት

በእንግሊዝ አገር ደራሲና አሳታሚ ለብዙ ዘመን ያለ አማላጅ ሲነጋገሩ ኖሩ፤ ነገር ግን ስንት መጽሐፍ እንደ ታተመ፥ ስንቱ እንደ ተሸጠ፥ በባሕር ማዶ የማሳተሙ መብት ለማን እንደ ተላለፈ የሚያውቀው አሳታሚው ብቻ ስለ ነበረ፥ ንግግሩ የባለጠጋና የደጅ ጠኚ ንግግር ሆኖ፥ ደራሲው የሰጡትን ተቀብሎ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይወጣ ነበር። ይህን ልማድ የለወጠው እስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ፖሎክ ዋት ነው። እርሱም በ1870ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) የወዳጁን ድርሰት በሎንዶን አሳታሚዎች ዘንድ ለመሸጥ ሞክሮ ስለ ተሳካለት፥ ነገሩን መተዳደሪያ አድርጎ፥ ከሚሸጠው ዋጋ ከመቶ ዐሥር እየወሰደ ስለ ደራስያን ይዋዋል ጀመር። ዐሥራት ማውጣት ከአባቶቹ ለወረሰ የእኛ አገር አንባቢ ይህ ቍጥር እንግዳ አይሆንበትም፤ አሳታሚዎቹ ግን እጅግ ተቈጡ፤ ከእነርሱም አንዱ ዊልያም ሃይነማን በ1893 ወኪልን እንደ ጥገኛ ተባይ ቈጥሮ በጽሑፍ ነቀፈው። ነቀፌታው ሙያውን አላቆመውም። ጄምስ ፒንከር የተባለ ሌላ ሰው በ1896 የወኪልነት ቢሮ ሲከፍት፥ ከፊተኞቹ ደንበኞቹ መካከል «የጊዜ መኪና» የተባለውን መጽሐፍ ባለፈው ዓመት ያሳተመው ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ይገኝበት ነበር፤ ስለዚህ የሳይንስ ልብ ወለድ ገና ስም ሳይወጣለት ወኪል አግኝቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ስሙ የወጣለትና የራሱን ገበያ ያገኘው ግን በአሜሪካ ነው። ከሉክሰምበርግ የፈለሰው ሁጎ ገርንስባክ በኤፕሪል 1926 በኒው ዮርክ «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት አቋቋመ፤ በዚህም የዚህ የሥነ ጽሑፍ ወገን አባት ተብሎ ይመሰገናል። ለደራስያን ሲከፍል ግን እጁ እንደ አባት የተዘረጋ አልነበረም። በፕሮቪደንስ ከተማ ይኖር የነበረው ሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት ዐሥራ ሁለት ሺሕ ቃል ያህል የሆነ ታሪክ በ1927 ቢያሳትምለት፥ ከብዙ የማሳሰቢያ ደብዳቤ በኋላ የደረሰው 25 ዶላር ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ሲካፈል ለአንድ ቃል የአንድ ሳንቲም አንድ አምስተኛ ነው። ላቭክራፍትም ከዚያ ወዲህ ገርንስባክን በደብዳቤው «አይጡ ሁጎ» ይለው ነበር። የዚህ የሥነ ጽሑፍ ወገን ታላቅ የክብር ሽልማት ዛሬም በገርንስባክ ስም «ሁጎ» ተብሎ መጠራቱ ከታሪክ ቀልዶች አንዱ ነው።

በርካሽ ወረቀት የሚታተሙት እነዚያ መጽሔቶች ቢሮአቸው በአብዛኛው ኒው ዮርክ ስለ ነበረ፥ የከተማው ልጅና የሩቁ አገር ሰው ዕድላቸው እኩል አልነበረም። በብሩክሊን ያደገው አይዛክ አሲሞቭ በጁን 21 ቀን 1938 የመጀመሪያ ታሪኩን በብብቱ ይዞ፥ በምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍሮ፥ «አስታውንዲንግ» ከተባለው መጽሔት አዘጋጅ ከጆን ካምቤል ፊት ቀረበ፤ ታሪኩ ወደቀ፥ ወዳጅነታቸው ግን በዚያ ቀን ተጀመረ። በፕሮቪደንስ ወይም በሎስ አንጀለስ የተቀመጠ ጀማሪ ግን ደጅ ልጥና ቢል እንኳ ደጁ ሩቅ ነበረ፤ እግሩ ሆኖ የሚሄድለት ሌላ ሰው ያስፈልገው ነበር።

ያን እግር የሆኑት ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ሁለት የኒው ዮርክ ወጣቶች ናቸው። ጁልየስ ሽዋርትዝና ሞርት ዋይዚንገር የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ማኅበር ውስጥ ተዋውቀው፥ አስቀድሞ ትንሽ የአንባብያን መጽሔት አዘጋጅተው ነበርና፥ በ1934 «ሶላር ሴልስ ሰርቪስ» ብለው የሰየሙትን፥ ለሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የቆመውን የመጀመሪያ የወኪሎች ድርጅት መሠረቱ። ካፒታላቸው ደራስያኑን አንብቦ ማወቅና አዘጋጆቹን በአካል ማግኘት ብቻ ነበረ። በ1935 ሽዋርትዝ የላቭክራፍትን አንድ ረጅም ድርሰት ተቀበለ፤ ይህ ስለ ደቡብ ዋልታ የበረዶ ተራሮች የተጻፈ ታሪክ በ1931 በሌላ መጽሔት ተጥሎ፥ ደራሲው በኀዘን ከመሳቢያው ከቶት አራት ዓመት ያህል የቆየ ነው። ሽዋርትዝ ይዞት ወደ «አስታውንዲንግ» አዘጋጅ ወደ ኦርሊን ትሬሜይን ቢሄድ፥ ራሱ ኋላ እንደ ተረከው፥ አዘጋጁ የደራሲውን ስም ሰምቶ ሳያነበው ገዛው፤ ዋጋውም 350 ዶላር ሆነ። ከዚህ ላይ 35 ዶላሩ የወኪሉ፥ 315ቱ የደራሲው ነበረ፤ ለዓመታት በድኽነት ለኖረው ለላቭክራፍት ይህ ብዙ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩ በ1936 በሦስት ተከታታይ ቍጥሮች ሲወጣ፥ አንቀጾቹ ተቈራርጠው ከመጨረሻው ክፍልም ጥቂት ተጥሎ ስላገኘው፥ ደራሲው እጅግ አዝኖ የራሱን ቅጂዎች በእርሳስ ሲያርም ቆየ። በዓመቱ በማርች 1937 ሞተ። እኔ በዚህ ሽዋርትዝን አልወቅሰውም፤ የዚያ ዘመን ወኪል ዋጋውን እንጂ ቃሉን የሚጠብቅ አልነበረምና።

በሎስ አንጀለስ በመንገድ ማዕዘን ቆሞ ጋዜጣ ይሸጥ የነበረው ሬይ ብራድበሪም በ1941 የመጀመሪያ ክፍያውን ያገኘው በዚሁ በሽዋርትዝ በኩል ነው፤ 27 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበረ፥ እርሱንም ታሪኩን አብሮት ከጻፈው ባልደረባው ጋር ተካፈለ። ሽዋርትዝ በ1944 ወደ ሥዕላዊ መጽሔቶች አዘጋጅነት ሲዛወር ቦታውን ሌሎች ያዙት። ከእነዚህ አንዱ ፍሬድሪክ ፖል፥ በ1950 የታተመውን የአሲሞቭን የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ ለደብልዴይ አሳታሚዎች እስኪሸጥ ድረስ የተሳካለት፥ ደግና ቸር ወኪል ነበረ፤ ደግነቱም ጣለው፤ ታሪኩ ገና ሳይሸጥ ለደራስያኑ ከኪሱ አስቀድሞ ይከፍላቸው ስለ ነበረ፥ በ1953 ገደማ ሠላሳ ሺሕ ዶላር ያህል ዕዳ ተሸክሞ ቢሮውን ዘጋ።

የስኮት ሜሬዲት አካሄድ ከዚህ ተቃራኒ ነበረ። እርሱ በ1946 ድርጅቱን ከፍቶ፥ ከጊዜ በኋላ እንደ አርተር ክላርክና እንደ ፊሊፕ ዲክ ያሉትን ስመ ጥሩዎች በዐሥራቱ ይወክላቸው ነበር፤ ስም የሌለውን ጀማሪ ግን ለማንበቢያ ተብሎ ገንዘብ አስቀድሞ ያስከፍለው ነበር። ጀማሪው ረቂቁንና ገንዘቡን ልኮ ሲጠባበቅ፥ በስኮት ሜሬዲት ስም የተፈረመ ረጅም የምክር ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ደብዳቤውን የሚጽፉት ግን በቢሮው የተቀጠሩ፥ እንደ ዴመን ናይት ያሉ፥ ራሳቸው ገና እንጀራ የሚፈልጉ ወጣት ደራስያን ነበሩ። ዋት የጀመረው ሙያ ደራሲው ሲያተርፍ የሚያተርፍ ነበረ፤ ይህ ግን ደራሲው ወድቆም ሳለ ትርፍ የሚገኝበት እጅ መንሻ ነው።

ዴመን ናይት በ1965 የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያንን ማኅበር አቋቋመ። በዚያው ዓመት ቨርጂንያ ኪድ በፔንሲልቫንያ በምትገኘው በሚልፎርድ ከቤቷ ሆና ወኪልነት ጀመረች፤ በዚህ የሥነ ጽሑፍ ወገንም የመጀመሪያዪቱ ሴት ወኪል ትባላለች። ኡርሱላ ለ ጊን እስከዚያ ድረስ ልብ ወለዶችዋን ያለ ወኪል በስስ ሽፋን ስታሳትም ቆይታ፥ አንዱን መጽሐፍ በጠንካራ ሽፋን ለሚያሳትም ትሸጥላት እንደ ሆነ ብትጠይቃት፥ ኪድ ሥራሽን ሁሉ ከሰጠሽኝ እሺ ብላ መለሰችላት። መጽሐፉ በ1968 ከአንድ አዘጋጅ ዘንድ ዝርዝሩ በዝቶ የማይነበብ ሆኗል የሚል ደብዳቤ ይዞ ወደ ኪድ ተመለሰ፤ በ1969 ግን ታትሞ የናይት ማኅበር የሚሰጠውን የኔቡላን ሽልማትና የሁጎን ሽልማት ሁለቱንም አገኘ።

በ1991 የተቋቋመው የአሜሪካ ወኪሎች ማኅበር ለማንበብ ገንዘብ መቀበልን በሥነ ምግባር ደንቡ ከለከለ፤ የናይት ማኅበርም በ1998 አጭበርባሪ ወኪሎችን የሚያጋልጥ ክፍል አቆመ። ዐሥራቱ ግን ዐሥራት ሆኖ አልቀረም፤ ዛሬ የተለመደው ከመቶ ዐሥራ አምስት ነው። በውጭ አገር ተቀምጠህ በእንግሊዝኛ የሳይንስ ልብ ወለድ ጽፈህ ወኪል የምትፈልግ ወገኔ ሆይ፥ መጀመሪያ ድርሰትህን ፈጽም፤ ወኪሉ ከዚህ በፊት የማንን መጽሐፍ ለየትኛው አሳታሚ እንደ ሸጠ መርምር፤ ከዚያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍለት፤ መጽሐፍህ ሳይሸጥ ገንዘብ ከጠየቀህ ረቂቅህን መልሰህ ወደ ሌላው ሂድ።