ቀጭኑ ዲስክና «ኃይለኛው» ሌዘር

እ.ኤ.አ. በ2024 በዙሪክ የስዊዘርላንድ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም የፕሮፌሰር ኡርሱላ ኬለር የምርምር ቡድን የአዲስ ሌዘር ውጤት ይፋ አድርጓል። የሌዘሩ አማካይ ኃይል 550 ዋት፣ የእያንዳንዱ የብርሃን ምት ከፍተኛ ኃይል ደግሞ 100 ሜጋ ዋት ያህል ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የተነገሩት ስለ አንድ መሣሪያ ነው። የሕግ ተማሪ የቃሉን ትርጉም ሳይለይ ወደ ክርክር እንዳይገባ ይመከራልና፣ እኔም «ኃይለኛ ሌዘር» ሲባል ኃይለኛነቱ በየትኛው ነው ብዬ ልነሳ።

በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። በዚህ ሚዛን 550 ዋት የምጣዱን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። 100 ሜጋ ዋት ግን 43 ሜጋ ዋት ገደማ የማመንጨት አቅም ይዞ ከተሠራው የቆቃ ግድብ በእጥፍ ይበልጣል።

ምስጢሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ይህ ሌዘር ብርሃኑን እንደ አምፖል ያለማቋረጥ አያፈስም፤ በሴኮንድ 5.5 ሚሊዮን ጊዜ ያህል በምት በምት ይለቀዋል። አንዱ ምት የሚቆየው 852 ፌምቶ ሴኮንድ፣ ማለትም ከሴኮንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ላነሰ ጊዜ ነው። ምቶቹ ሁሉ ቢደመሩ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብርሃን የሚኖረው ለአምስት ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። የወር ደመወዙን በአንድ ቅጽበት የሚያወጣ ሰው በዚያች ቅጽበት ባለጠጋ ይመስላል፤ ገቢው ግን ያው ነው።

ታዲያ አድናቆት የሚገባው የትኛው ቁጥር ነው? በእኔ እምነት ትንሹ ነው። ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳዩት፣ በ2018ም የኖቤል ሽልማት ባስገኘላቸው የማጉያ ዘዴ ከ100 ሜጋ ዋት እጅግ የሚልቅ ቅጽበታዊ ኃይል ከተገኘ ቆይቷል። አማካይ ኃይልን ማሳደግ ግን ከሙቀት ጋር መታገልን ይጠይቃል። ሌዘር የሚያመነጨው ክሪስታል ወፍራም ዘንግ ከሆነ መሐሉ ይግላል፣ ዳሩ ይበርዳል። በዚህ ልዩነት የተነሳ ክሪስታሉ እንደ መነጽር ይሆንና የብርሃኑን ጨረር ያዛባዋል።

መፍትሔው የመጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ ከአዶልፍ ጊዘንና ባልደረቦቹ ነው። እነርሱ የለወጡት የክሪስታሉን ቅርጽ ነው። ድፎ ዳቦና ቂጣ እኩል ከእሳት ቢወጡ ቂጣው ቶሎ ይበርዳል፤ የድፎው መሐል ግን ትኩስ ሆኖ ይቆያል። እነ ጊዘንም ይተርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበትን ክሪስታል ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ በሚያንስ ውፍረት ሠርተው ጀርባውን በመስተዋት ለበጡና ማቀዝቀዣ ላይ አጣበቁት። ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይሆን በጀርባ በኩል ይወጣል። ስስ ዲስክ በአንድ ጊዜ የሚውጠው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ፣ ኃይል የሚመግበው ብርሃን በመስተዋቶች እየተመለሰ ደጋግሞ እንዲያልፍበት ይደረጋል።

ምቱን የሚፈጥረው ደግሞ ሌላ መስተዋት ነው። ኦሲሌተር በሚባለው የሌዘር ዓይነት ውስጥ ብርሃኑ በመስተዋቶች መካከል ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ዙርም ጥቂቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ኬለር በ1992 የፈለሰፉት ሴሳም የተባለው መስተዋት ደካማውን ብርሃን ይውጣል፣ ብርቱውን ያንጸባርቃል። ስለዚህ በዙሩ የሚተርፈው በአንድነት የታመቀው ምት ብቻ ነው።

የሁለቱ ፈጠራዎች ጋብቻ እ.ኤ.አ. በ2000 16 ዋት አስገኘ። በ2012 275 ዋት፣ በ2019 350 ዋት ተደረሰ። በመንገዱ ላይ የገጠመው አንዱ እንቅፋት አየር ነበር፤ በውስጥ የሚመላለሰው ብርሃን እጅግ ብርቱ ስለሆነ አየሩ ራሱ ምቱን ያውካል። ስለዚህ አየሩን መምጠጥ አስፈለገ። በ2024ቱ ሥራ ደግሞ ብርሃኑ ከመውጣቱ በፊት በዲስኩ ላይ ብዙ ጊዜ እንዲያልፍ የመስተዋቶቹ አቀማመጥ ተቀየረ፤ በሴሳሙም ላይ ስስ የሳፋየር ሽፋን ተደረገ። ከ16 ወደ 550 ዋት ለመድረስ 24 ዓመት ፈጅቷል።

በማጉያዎች ሰንሰለት ከዚህም የበለጠ አማካይ ኃይል ይገኛል። የኦሲሌተሩ ብልጫ ይህን ሁሉ ያለ ማጉያ በአንድ መሣሪያ ማድረጉ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አጭር ምት ዙሪያውን ብዙም ሳያግል መስታወትና ብረት ይቆርጣል፣ በዓይን ቀዶ ሕክምናም ያገለግላል። ቅጽበታዊው ኃይል መሣሪያው መቁረጥ መቻሉን ይወስናል፤ አማካዩ ኃይል ደግሞ በሰዓት ምን ያህል እንደሚቆርጥ። በጨረታ ሰነድ ላይ «100 ሜጋ ዋት» ብቻ ተጽፎ ያየ ሰው፣ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት «አማካዩስ ስንት ነው? ምቱስ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።