አጥር የሌለው ደን፦ የጌዴኦ ዐፀድና ሐውልት

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን ጎዳና ይዞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ ዲላ ደርሶ ከስምጥ ሸለቆው ወደ ደጋው የሚወጣውን የጌዴኦን ተረተር ሲመለከት ያልተቋረጠ ጫካ ያያል፤ ወደ ውስጡ በዘለቀ ጊዜ ግን ጫካ ያለው ሁሉ የገበሬ ጓሮ ሆኖ ያገኘዋል።

ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላቸውን ይዘረጋሉ፤ ከእነርሱ በታች እንሰት፣ በእንሰቱ ሥር ቡና ይበቅላል። ዝናቡ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተንጠባጠበ በረገፈው ብስባሽ ላይ ስለሚያርፍ፣ ቁልቁለቱ ምንም ቢበረታ አፈሩ በቀላሉ አይታጠብም፤ የእንሰቱን ቅጠል ከግንዱ ገለጥ ያደረገ ሰው ዝናቡ ካባራ በኋላም በብብቱ የተጠራቀመ ውኃ ያገኛል። ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርዱት ጅረቶችም በዝናብ ወራት ከገደል ወደ ገደል ሲወረወሩ፣ ፏፏቴው ከመታየቱ አስቀድሞ ድምፁ ይሰማል። ወደዚያ የሚያደርሰው የእግር መንገድ በየቤቱ ደጃፍ የሚያልፍ ነውና፣ እንግዳ ሰላምታ ሳይሰጥና ሳያስፈቅድ ሊያልፍበት አይገባም።

በሰሜኑ አገር ጥንታዊ ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ተጠልሎ እንደ ቆየ፣ በጌዴኦም ሽማግሌዎች ለሥርዓተ አምልኮ የለዩአቸው ደኖች ባሌ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓታቸውና በአበው ሕግ ተጠብቀው ኖረዋል።

በተራራው አናት ደግሞ ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። በቱቱ ፈላ የቀብር ጉብታ ላይ ከሚገኙት ብዙዎቹ አርአያ ሰብእ የተቀረጸባቸው ሲሆኑ፣ ፈረንሳዊው የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ሮጀር ዡሶም እንዳስረዳው፣ አንዳንዶቹ አስቀድመው በወንድ አባለ ዘር አምሳል የተጠረቡና በኋላ ዘመን ሰዎች የሰው ፊት የቀረጹባቸው ናቸው። በሌላው የጌዴኦ ትክል ድንጋይ ስፍራ በሳካሮ ሶዶ የተደረገው የቅርብ ጊዜ ጥናትም የትክል ድንጋዮቹን ጥንተ ዘመን እስከ መጀመሪያው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት ወደ ኋላ ወስዶታል።

በአገራችን የብሔራዊ ፓርክ ሥራ ሲጀመር፣ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውን የስሜን ተራሮች ፓርክ የመሰሉት ሁሉ ወሰን ተከልሎላቸው፣ ሰው ከአራዊቱና ከዛፉ እንዲለይ ይታሰብ ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሪያድ ጉባኤው የጌዴኦን ባህላዊ መልክአ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ግን፣ የተከበረው ሰው የራቀው በረሓ ሳይሆን፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበትና ሕዝቡ ራሱ ተክሎ ያሳደገው ደን ነው። ስለዚህም ጥበቃው በዘበኛና በሽቦ አይፈጸምም፤ ገበሬው ከቡናውና ከእንሰቱ ቤተ ሰቡን የሚያኖርበት ገቢ ካጣ የጥላውን ዛፍ ቆርጦ ባሕር ዛፍ ወይም ጫት መትከሉ አይቀርምና፣ ቅርሱን ለትውልድ ለማቆየት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የቡናውን ዋጋ ሊያስብ ይገባዋል።