አዲስ ሐረር ተብላ ድሬዳዋ የሆነች ከተማ

ድሬዳዋ መጀመሪያ የወጣላት ስም አዲስ ሐረር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት፣ ከጅቡቲ የሚነሣው የምድር ባቡር ሐረር መግባት ነበረበት። ሐረር ግን ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች የተራራ ከተማ ናት፤ ከተራራው ሥር ያለው ሜዳ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ዳገት ሐዲድ ዘርግቶ መውጣት ለምድር ባቡሩ ኩባንያ የማይቻል ወጪ ስለሆነበት መስመሩ በቆላው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሜዳው ላይ ደረሰ። ሐረር ቢቀር ስሟ ይድረስ ተባለና ጣቢያው አዲስ ሐረር ተሰኘ።

ስሙ ግን አልጸናም። ሜዳው ባቡር ከመድረሱ በፊትም ባለቤትና ስም ነበረው። ድሬዳዋ ስለሚለው ስም አመጣጥ ኦሮሞውም ሶማሌውም የየራሱ ትውፊት አለው። በኦሮምኛ «ድሬ» ሜዳ ማለት ነው። ሶማሌዎች ደግሞ ስሙን ከጎሣ አባታቸው ከዲር ጋር ያያይዙታል፤ ዲር ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው ይላሉ።

መንደሯን ከተማ ያደረጋት የሐዲዱ መቆም ነው። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት በ1899 ዓ.ም. ከሰረ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ እዚህ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ወደ መሀል አገር ይጫን ነበር። ነጋዴው መጋዘን ሠራ፤ ሠራተኛው ቤት ቀለሰ። ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ወዲህ ኩባንያው መንገዷን አቅንቶ የቀየሳት ከዚራ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ገበያተኛው ያደራት መጋላ አደጉ። የሐረር ንግድም ቀስ በቀስ ቁልቁል ወረደ።

ዛሬ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማዋ ወጣ ባለ ሌላ ጣቢያ ነው። የከዚራው አሮጌ ጣቢያና የጥገና ቦታው ግን የከተማዋ የልደት ምስክር ናቸው። እነሱን መጠበቅ፣ የስያሜዋን ትውፊትም ከሽማግሌዎች አፍ ሳይመሽ መመዝገብ የከተማዋ አስተዳደርና የነዋሪዎቿ የጋራ ዕዳ ነው።