«ምጣኔ ሀብቱ አደገ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት፣ የዋጋ ንረት፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የበጀት ጉድለትና የወለድ ምጣኔ በዜና ዘወትር የሚደመጡ ቃላት ናቸው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኢኮኖሚክስ ትምህርት ያጠኗቸዋል። አርሶ አደሩ በማዳበሪያና በእህል ዋጋ፣ የከተማ ነዋሪው ደግሞ በቤት ኪራይና በአስቤዛ ወጪ በየዕለቱ ይገናኛቸዋል። ይህ ጽሑፍ የቃላቱን ትርጉምና ትስስር በኢትዮጵያ ነባራዊ ሁኔታ እያስደገፈ ያብራራል።

ማይክሮ እና ማክሮ ኢኮኖሚክስ

የምጣኔ ሀብት ትምህርት በሁለት ዋና ዋና ዘርፎች ይከፈላል። አንድ አርሶ አደር በማሳው ላይ ጤፍ ይዝራ ወይስ በቆሎ፣ አንድ ነጋዴ ምርቱን ዛሬ ይሽጥ ወይስ እስከ ክረምት ያቆይ የሚሉት ውሳኔዎች በማይክሮ ኢኮኖሚክስ ይጠናሉ። ማክሮ ኢኮኖሚክስ ግን የሚሊዮኖች ውሳኔ ተደምሮ የሀገርን ጠቅላላ ምርት፣ የዋጋ ደረጃ፣ የሥራ ዕድልና ከውጭው ዓለም ጋር ያለውን ንግድ እንዴት እንደሚወስን ይመረምራል። ለአንዱ የሚበጀው ለሁሉም ላይበጅ ይችላል። አንድ አርሶ አደር ብቻ ብዙ ሽንኩርት ቢያመርት ገቢው ይጨምራል፤ የአካባቢው አርሶ አደር ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢያመርት ግን ዋጋው ወድቆ ሁሉም ሊከስር ይችላል።

ጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት እንዴት ይሰላል?

ጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት ማለት በአንድ ሀገር ወሰን ውስጥ በአንድ ዓመት የተመረቱ የመጨረሻ ምርቶችና አገልግሎቶች ጠቅላላ ዋጋ ነው። በኢትዮጵያ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሚቆጠር የዓመቱ ስሌትም ይህንኑ ይከተላል።

«የመጨረሻ» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም። ለምሳሌ አንድ አርሶ አደር አንድ ኩንታል ጤፍ በ10 ሺህ ብር ሸጠ እንበል። ነጋዴው ያንኑ ጤፍ በ11 ሺህ 500 ብር ለእንጀራ ጋጋሪ ሸጠው። ጋጋሪዋ ደግሞ ከጤፉ የተገኘውን እንጀራ በ16 ሺህ ብር ሸጠች። ሦስቱ ሽያጮች ቢደመሩ 37 ሺህ 500 ብር ይሆናሉ፤ ነገር ግን ጤፉ ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። በጥቅል ምርት ስሌት የሚገባው እያንዳንዱ ወገን የጨመረው እሴት ነው። ሌሎች ወጪዎችን ለጊዜው ብንተው የአርሶ አደሩ 10 ሺህ፣ የነጋዴው 1 ሺህ 500 እና የጋጋሪዋ 4 ሺህ 500 ብር ተደምሮ 16 ሺህ ብር ይመጣል። ይህም ከእንጀራው የመጨረሻ ዋጋ ጋር እኩል ነው።

አርሶ አደሩ ለገበያ ሳያወጣ ቤተሰቡ የተመገበው እህልም በግምት ተሰልቶ በጥቅል ምርት ውስጥ ይካተታል። በአንጻሩ እናቶችና ልጃገረዶች ለቤተሰብ የሚጋግሩት እንጀራና ለልጆች የሚያደርጉት እንክብካቤ በዚህ ስሌት አይቆጠርም። ያችው እናት እንጀራውን ጋግራ ለሆቴል ብትሸጥ ግን ይቆጠራል። ስለዚህ ይህ አኃዝ የሀገርን ሥራ ሁሉ ይለካል ማለት አይቻልም።

የገንዘብ ዕድገት እና እውነተኛ ዕድገት

የገበያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ የምርት ዕድገትን በብር ብቻ መለካት ያሳስታል። አንድ አርሶ አደር ዓምና 20 ኩንታል ጤፍ አምርቶ አንዱን ኩንታል በ5 ሺህ ብር ሸጠ እንበል፤ ገቢው 100 ሺህ ብር ነው። ዘንድሮ 21 ኩንታል አምርቶ አንዱን በ7 ሺህ ብር ቢሸጥ ገቢው 147 ሺህ ብር ይደርሳል። በብር ሲታይ 47 በመቶ አድጓል። ጎተራው ሲታይ ግን የጨመረው አንድ ኩንታል፣ ማለትም 5 በመቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያው የገንዘብ ዕድገት፣ ሁለተኛው እውነተኛ ዕድገት ይባላል። መንግሥታትና ዓለም አቀፍ ተቋማት «ምጣኔ ሀብቱ በዚህን ያህል በመቶ አደገ» ሲሉ የሚያመለክቱት የዋጋ ለውጥ የተቀነሰለትን እውነተኛ ዕድገት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሕዝብ ቁጥር ይመጣል። የሀገር ምርት በዓመት 8 በመቶ አድጎ ሕዝቡ ደግሞ በ2.5 በመቶ ቢጨምር የነፍስ ወከፍ ዕድገቱ 5.4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌትም አለ፤ 70ን ለዓመታዊው የዕድገት መጠን ሲያካፍሉ ምርት እጥፍ ለመሆን የሚወስድበት ዘመን በግምት ይገኛል። በ7 በመቶ የሚያድግ ምጣኔ ሀብት በ10 ዓመት፣ በ2 በመቶ የሚያድግ ደግሞ በ35 ዓመት እጥፍ ይሆናል። በየዓመቱ ጥቂት የሚመስለው ልዩነት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሰፊ ልዩነት የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የዋጋ ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም

የዋጋ ንረት የአብዛኛው ሸቀጥና አገልግሎት ዋጋ በአጠቃላይ እየጨመረ መሄድ ነው። በኢትዮጵያ የሚለካው የቤተሰብ ፍጆታን በሚወክሉ ሸቀጦችና አገልግሎቶች ዝርዝር ሲሆን ከዝርዝሩ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚይዘው ምግብ ነው። የጤፍ፣ የዘይትና የአትክልት ዋጋ ሲንቀሳቀስ አጠቃላይ አኃዙም አብሮ የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው።

በ2014 ዓ.ም የሀገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ይህን ዜና የሰማ ሸማች ገበያ ሄዶ ዋጋው እንዳልቀነሰ ሲያይ ግራ ይጋባል። መልሱ በስሌቱ ውስጥ አለ። 100 ብር የነበረ ዕቃ 30 በመቶ ሲጨምር 130 ብር ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት ንረቱ ወደ 14 በመቶ ቢወርድ ዕቃው 148 ብር ከ20 ሳንቲም ይገባል። የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት እንጂ ዋጋው አይደለም። ቋሚ ደመወዝ የሚያገኝ ሠራተኛና ጡረተኛ በዋጋ ንረት ይበልጥ የሚጎዳው ገቢው በዚያው ፍጥነት ስለማይጨምር ነው።

አርሶ አደሩ ሻጭም ሸማችም በመሆኑ ለእርሱ ጉዳዩ ሁለት ገጽ አለው። ዓምና አንድ ኩንታል በቆሎ 2 ሺህ፣ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ 4 ሺህ ብር ነበር እንበል፤ ማዳበሪያውን ለመግዛት 2 ኩንታል በቆሎ ይበቃ ነበር። ዘንድሮ በቆሎው 3 ሺህ 200፣ ማዳበሪያው 8 ሺህ ብር ቢገባ 2 ኩንታል ተኩል መሸጥ ይኖርበታል። የበቆሎ ዋጋ 60 በመቶ ጨምሯል፤ የአርሶ አደሩ የመግዛት ዐቅም ግን ቀንሷል። ስለዚህ የእህል ዋጋ መወደድ ብቻውን አርሶ አደሩ ተጠቅሟል አያሰኝም። ከሚገዛው ግብዓት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የውጭ ምንዛሪ እና የማዳበሪያ ዋጋ

ኢትዮጵያ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማሽነሪ ከውጭ ትገዛለች። የሚከፈለውም በዋናነት በአሜሪካ ዶላር ነው። ዶላር የሚገኘው ከወጪ ንግድ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለቤተሰብ ከሚልኩት ገንዘብ፣ ከአገልግሎት ንግድ፣ ከኢንቨስትመንት፣ ከብድርና ከርዳታ ነው። ሀገሪቱ ከውጭ የምታስገባው ዕቃ ወደ ውጭ ከምትልከው እጅግ ስለሚበልጥ የምንዛሪ እጥረት ለረጅም ጊዜ ቆይቷል።

በደርግ ዘመን አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተወስኖ ነበር። በ1985 ዓ.ም ወደ 5 ብር ከፍ ተደረገ። ከዚያ በኋላም የብር ዋጋ ቀስ በቀስ ሲወርድ ቆይቶ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም መንግሥት ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዋዜማው በባንኮች 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ለውጡ ለማን ጠቀመ፣ ማንን ጎዳ የሚለውን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ በዓለም ገበያ 50 ዶላር ቢሆን በ57 ብር ተመን 2 ሺህ 850 ብር ያወጣል፤ በ130 ብር ተመን ግን 6 ሺህ 500 ብር ይደርሳል። የመርከብና የየብስ ማጓጓዣ በዚህ ላይ ይጨመራል። መንግሥት ድጎማ ካላደረገ ጭማሪው በቀጥታ አርሶ አደሩ ላይ ያርፋል። በሌላ በኩል በ5 ዶላር የሚሸጥ አንድ ኪሎ ግራም ቡና በመጀመሪያው ተመን 285 ብር፣ በሁለተኛው 650 ብር ያስገኛል። በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ብቻ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ መገኘቱ የዓለም ገበያ ዋጋ መናሩና የተላከው መጠን መጨመሩ ውጤት ነው። ሆኖም ጥቅሙ ከላኪው አልፎ ቡና አምራቹ ደጅ የሚደርሰው የግብይት ሰንሰለቱ አጭርና ፍትሐዊ ሲሆን ነው።

በጀት፣ ብድር እና ወለድ

መንግሥት ምጣኔ ሀብቱን የሚመራባቸው ሁለት ዋና መሣሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው የፊስካል ፖሊሲ ሲሆን ግብር መሰብሰብንና ወጪ መመደብን ይመለከታል። የኢትዮጵያ የግብር ገቢ ከጥቅል የሀገር ውስጥ ምርቷ ጋር ሲነጻጸር ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ቆይቷል። ገቢው መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የዕዳ ክፍያን ሁሉ ስለማይሸፍን ጉድለቱ በብድር ይሞላል። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር ግን ምርት ሳይጨምር ገንዘብ ብቻ ወደ ገበያ ይገባል፤ ያን ጊዜ የዋጋ ንረት ይባባሳል።

ሁለተኛው መሣሪያ የገንዘብ ፖሊሲ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ 15 በመቶ የሆነ መሪ የወለድ ምጣኔ ይፋ አድርጎ ሥራ ላይ አውሏል። ወለድ ሲጨምር ብድር ይወደዳል፤ ብድር ሲቀንስም የዋጋ ጭማሪው ይረግባል። ይሁን እንጂ ለመስኖ ሞተር ወይም ለወፍጮ ቤት ብድር የሚፈልገው ሰውም ዋጋውን ይከፍላል። የምጣኔ ሀብት ውሳኔ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው የሚጠይቅ ነው።

ዕድገቱ ወደ ማን ይደርሳል?

ከ1996 ዓ.ም ወዲህ በነበሩት ዓሥር ያህል ዓመታት የመንግሥት መረጃ ባለ ሁለት አኃዝ አማካይ ዓመታዊ ዕድገት አሳይቷል። በብሔራዊ የድህነት መለኪያ መሠረት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ዓ.ም ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ከዚያ በኋላ የመጡት ጦርነት፣ የኮሮና ወረርሽኝ፣ ድርቅና የዋጋ ንረት የብዙ ቤተሰቦችን ኑሮ መልሰው ፈትነዋል።

ግብርና ከሀገሪቱ ጥቅል ምርት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይይዛል። ከሠራተኛው ሕዝብ አብዛኛው የሚተዳደረው ግን በእርሱ ነው። የብዙዎች ድካም የሚያስገኘው ምርት ከጠቅላላው ትንሽ ድርሻ ከሆነ በዘርፉ የአንድ ሠራተኛ አማካይ ገቢ ዝቅተኛ ነው ማለት ነው። በማደግ ላይ ያሉ ሀገራት ይህን የሚፈቱት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በምርጥ ዘር፣ በመስኖ፣ በአፈር ጥበቃና በሜካናይዜሽን የሄክታር ምርትን ማሳደግ ነው። ሌላው በየዓመቱ ወደ ሥራ ዓለም ለሚገባው ወጣት በኢንዱስትሪና በአገልግሎት ዘርፍ የተሻለ ገቢ ያለው ሥራ መፍጠር ነው። ይህ ሂደት መዋቅራዊ ሽግግር ይባላል።

አንድ አንባቢ የዕድገት ዜና ሲሰማ አምስት ነገሮችን ቢጠይቅ መልእክቱን በቀላሉ ይመዝናል። የዋጋ ለውጥ ተቀንሶለታል ወይ? ከሕዝብ ቁጥር ዕድገት ምን ያህል ይበልጣል? የመጣው ከየትኛው ዘርፍ ነው? ለስንት ሰው ሥራ ፈጠረ? አንድ ኩንታል እህል የሸጠ ወይም የአንድ ወር ደመወዝ የተቀበለ ሰው ከዓምናው ይልቅ ዘንድሮ ይበልጥ መግዛት ችሏል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በየገበያው ይገኛል፤ ተማሪዎችም ከወላጆቻቸው ጋር በወረቀት ላይ ሊያሰሉት ይችላሉ።