ፊታውራሪ ኪነ ጥበብ፦ ስለ «አቫንጋርድ» አማርኛ

ቡታጅራ ላይ ሥዕል የሚለማመድ አንድ ወጣት «አቫንጋርድ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ አግኝቶ «ጋሼ፣ ይህ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ብዙዎች እንደሚሉት «ፈር ቀዳጅ» ብዬ መለስሁለት፤ ማታ ግን ነገሩን ሳመላልሰው መልሴ አላረካኝም። ፈር የሚቀድ ገበሬ በፊቱ ጠላት፣ በኋላው የሚከተለው ሠራዊት የለውም። ፈረንሳዮች ቃሉን ያገኙት ከጦር ሰፈር ነው፤ ከሠራዊቱ ቀድሞ የሚዘምተውን ጭፍራ አቫንጋርድ ይሉት ነበርና፣ የፈረንሳዊው አሳቢ የሳን ሲሞን ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ1825 ቃሉን ወደ ጥበብ አሻግረው ጠቢባን በሕዝብ ፊት እንዲዘምቱ ጠየቁበት። እኛ ደግሞ በፊት ሆኖ የሚወርረውን አዝማች ከጥንት ጀምሮ ፊታውራሪ ስንል ኖረናል። ምንም እንኳ ዛሬ ስሙ ሲጠራ ካባ የደረበ ሽማግሌ በዓይነ ኅሊናችን ቢመጣ፣ ሥራው ግን አስቀድሞ መሄድና አስቀድሞ መቁሰል ነበርና፣ እኔ «ፊታውራሪ ኪነ ጥበብ» ማለትን እመርጣለሁ።

በአውሮፓ ይህ ጭፍራ ቶሎ ቶሎ ይከፋፈል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1916 በዙሪክ የተነሣው፣ ዳዳ የተባለው የጥበብ እንቅስቃሴ ገና ሳይበርድ፣ በ1924 ገጣሚው አንድሬ ብሬቶን በፓሪስ ከሕልም የሚቀዳውን ጥበብ፣ የሱሪያሊዝምን ዐዋጅ አወጣ።

የእኛ ፊታውራሪዎች ታሪክ ከዚህ ይልቅ ልብ ይነካል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን ሁለት መንገድ ይዘው ገቡ። ሐረር የተወለደው፣ አባቱ የቤተ ክህነት ሊቅ የሆኑት ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ ከኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ የሰውንም የዛፍንም መልክ ትቶ በቀለምና በመስመር ብቻ የሚናገር ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ፤ «ይህማ የፈረንጅ ነው» ተብሎ ቢነቀፍም፣ ጥበብ የሰው ልጅ ሁሉ ርስት ናት ከማለት አልተመለሰም። እስክንድር ቦጎስያን ደግሞ ከለንደንና ከፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመለስ፣ ሱሪያሊዝምን ከአፍሪቃ መንፈስና ደብተራው በብራና ክታብ ላይ ከሚስለው ባለ ብዙ ዓይን ጠልሰም ጋር አዋሕዶ ነበር። አንደኛው ከአገር ወደ ዓለም፣ ሁለተኛው ከዓለም ወደ አገር ይዘምት ነበር ብል፣ ልዩነታቸውን ያቃለልሁ አይመስለኝም። ከእስክንድር የተማረው ዘሪሁን የትምጌታም ክታቡን ወደ ቀርከሃ አሻገረው። ኋላ አብዮቱ መጥቶ መንግሥት ሠዓሊን ለቅስቀሳ ሲፈልገው፣ ገብረ ክርስቶስ ተሰደደና እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ዐረፈ፤ አስቀድሞ የሄደው እስክንድርም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ በ2003 በዚያው ተለየን።

«ረቂቅ ሥዕል የባዕድ ነው» ለሚል ሰው መልስ ያለው ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጢያ ላይ ነው። በዚያ ከቆሙት 36 ጥንታዊ የድንጋይ ሐውልቶች 32ቱ ቅርጽ አለባቸው፤ ጠጋ ብሎ ለተመለከተ፣ ጎራዴው እጀታና ስለት ብቻ ሆኖ ይታያል፤ የጨበጠው እጅ የለም፣ የታጠቀው ወገብ የለም፣ አጠገቡም ክብ ምልክት እንጂ የሰው ፊት አልተሣለም። ወጣቱን ወደዚያ ላክሁት፤ ሲመለስም ደብተሩን ገልጦ በእርሳስ የገለበጣቸውን ጎራዴዎች አሳየኝ፤ በገጹ ራስጌ «ፈር ቀዳጅ» ብሎ የነበረውን ሠርዞ፣ በጉልህ ፊደል «ፊታውራሪ» ብሎ ጽፎበታል።